የሚስማር ሱቁ ክር

ዓሣ በሚጠመድበት ወንዝ ሁሉ ዳር፣ ውድ ዕቃ የገዛ ሰው በሙሉ ሞኝ የሚመስለው አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። በቺሜዊን ወንዝ ለእኛ የደረሱን ክቡር ዶን ኤቫሪስቶ ኩራፒል ናቸው።

ዓሣ ለማታለል ከላባ የተሠራችውን ዝንብ የምናስርባት የመጨረሻዋ ቁራጭ ክር ከፀጉር ትቀጥናለች፤ ዋጋዋ ግን ያስደነግጣል። ክቡርነታቸው በምትኩ ሚስማርና ቧንቧ ከሚሸጥበት ሱቅ ሦስት መቶ ሜትር ናይለን ገዙ።

"ዓሣ ዋጋ ያነባል እንዴ?" ይላሉ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻያቸውን እየመጠጡ።

ዋጋ ባያነብም ዓይን አለው። ያ ክር ልብስ ቢሰጣበት አይበጠስም። ትራውት የሚባሉት የወንዛችን ዓሦች ቀረብ ብለው ያዩትና ይመለሳሉ። ዶን ኤቫሪስቶ አንዴ በነፋሱ፣ አንዴ በጨረቃዋ፣ አምና ደግሞ በእኔ ሽቶ አሳበቡ። እንዲህ እያሉ ሦስት ዓመት ባዶ እጃቸውን ገቡ።

"ከእኔ ክር ትንሽ ልስጥዎት?"

"እሱን እንኳ ለራስህ! እኔ እንዳንተ አልሞኝም።"

ዘንድሮ ሐኪሙ ጉልበታቸውን አየና ከዚህ የማጥመጃ ወቅት በኋላ ወንዝ መግባት የለም አላቸው።

"አንዲት ብቻ ይዤ ብወጣ ምን ነበረበት?" አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው። አንጀቴን በሉት።

በወቅቱ የመጨረሻ ቀን የበግ ጥብሳቸውን ሲያገላብጡ የናይለናቸውን ጥቅል ከቦርሳቸው አውጥቼ የእኔን ክር ከላዩ ጠመጠምኩበት። እንደ ሌባ ላብ አጠመቀኝ።

ዝንባቸውን ሲያስሩ ቆም አሉ። "ክሩ ቀጠነብኝ ልበል?"

"ጣትዎ ነው የወፈረው።"

"ባለጌ!" አሉና ወረወሩ።

ከአኻያው ሥር አንድ ትልቅ ትራውት ዝንቧን ዋጠ። ሩብ ሰዓት ታገሉት። መረቡ ውስጥ ሲገባ ዳሰሱት፣ ከዚያም እንደ ደንባችን ቀስ ብለው ለውሃው መለሱት። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዶ ነበር። እኔም አልቻልኩም፣ አለቀስኩ።

በማግስቱ የአጥማጆች ማኅበር ቤት ተሰበሰብን። ዶን ኤቫሪስቶ ስለ ርካሽ ክር ጥበብ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩን፤ እኔን ደግሞ በስሜ እየጠሩ ሰደቡኝ። ኔሊዳ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ማንንም የማታምን ሴት፣ ወደ እኔ ዞረች።

"አብረሃቸው ነበርክ አይደል? እውነት በዚያ ገመድ ነው የያዙት?"

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ያዩኛል።

"እናቴ ትሙት" አልኳት፣ "በዚያው ነው።"