የጋሽ መንገሻ ጣሊያንኛ

ጫላ፦ ጋሼ፣ ሰውየው በሬዲዮ "ቻው" አለ እኮ! ገና ሳይጀምር "ቻው" አለ!

መንገሻ፦ ይበላ! አንተን ምን ቸገረህ?

ጫላ፦ አይ፣ ማለቴ፣ ሰውየው ሊሄድ ነው እንዴ? ጨዋታው ቀረ?

መንገሻ፦ ጣሊያን ጨዋ ሕዝብ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡን ይሰናበታል። እንዳንተ ሚስቱን ጥሎ አሜሪካ የሚገባ መሰለህ?

ጫላ፦ ኧረ ተሰናብቻት ነው የመጣሁት! አልቅሳ ነው የሸኘችኝ!

መንገሻ፦ በል አሁን ዝም በልልኝ፣ ልተርጉምበት።

(ሁለቱ የተጎለቱት አሜሪካ፣ ኧርቪንግ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አፍንጫ ስር፣ ተጓዦች መኪናቸውን አቁመው በሚሄዱበት ግቢ በቆመች ቫን ውስጥ ነው። ተጓዦቹን ከግቢው ወደ ተርሚናል የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው፤ የእሁድ ሥራቸው እስኪጀምር ጊዜ አላቸው። ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ ፈረንጆቹ 2008 የሚሉት ሲሆን፣ የጣሊያን እግር ኳስ ሊግ፣ ሴሪ አ፣ ዛሬ ይጠናቀቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የተደገፈው የመንገሻ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከጎረቤት ሞቴል በተለቀመ ዋይፋይ፣ የሁለቱን ስታዲየም ጨዋታ እያፈራረቀ የሚያስተላልፍ የጣሊያን ሬዲዮ እየቆራረጠ ያሰማል። መንገሻ ጉልምስናውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። ፍሬቻ፣ ኮፋኖ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ ሲል ስለኖረ ጣሊያንኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ ይላል፤ የግቢው ሐበሻ ሾፌር ሁሉ አምኖታል። ጫላ ደግሞ በዲቪ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ኳስ ቢመታው እንኳ ዞር ብሎ የማያይ ልጅ ነው። ዛሬ ግን ልቡ ተንጠልጥላለች።)

ጫላ፦ ጋሼ፣ እስቲ ውላችንን አንዴ ድገምልኝ።

መንገሻ፦ ስንቴ ልንገርህ? ኢንተር ሻምፒዮን ከሆነ፣ ሰመሩን በሙሉ የእኔን የእሁድ ሺፍት አንተ ትነዳለህ። ሮማ ከሆነ፣ የሚመጣው እሁድ ያንተን ሺፍት እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ሄደህ ሚስትህን ትቀበላለህ።

ጫላ፦ እንዲያው ያለ ኳስ ስዊች ብታደርግልኝስ? ፍሬ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ወጥታ እኔን ካጣችኝ ደንግጣ ተመልሳ ነው የምትሳፈረው።

መንገሻ፦ ውል ውል ነው። ሮማን ምረጥ ማን አለህ?

ጫላ፦ ኢንተርን አንተ ቀድመህ ያዝከው! የተረፈው ሮማ ነበር!

መንገሻ፦ እሱ የራስህ ጉዳይ ነው። ኢንተር በአንድ ነጥብ እየመራ ነው። ዛሬ ፓርማን ካሸነፈ፣ ሮማ ካታኒያ ላይ ተአምር ቢሠራ ዋጋ የለውም። ሶ፣ እሁድ እሁድ ለመንዳት ወገብህን እሰር።

(ሬዲዮው በድንገት ይጮኻል፦ "ሬቴ! ሬቴ ዴላ ሮማ!" መንገሻ ተስፈንጥሮ ሲነሳ ጭንቅላቱ ከቫኑ ጣሪያ ጋር ይጋጫል።)

መንገሻ፦ እሰይ! እሰይ የእኔ ጌታ! ሮማ ሬት ጠጣ!

ጫላ፦ ምን ጠጣ?

መንገሻ፦ ሬት! አልሰማህም? "ሬት ለሮማ" ነው ያለው። ሬት አታውቅም? እናትህ ምን ቀብታ ነው ጡት ያስጣለችህ?

ጫላ፦ እሱንማ እስካሁን አልረሳሁትም። ግን እሱ አማርኛ አይደለም እንዴ?

መንገሻ፦ ከእኛ ነው የወሰዱት! አምስት ዓመት አገራችን ላይ ሲቀምሱት ከርመው ቃሉን ይዘው ሄዱ።

ጫላ፦ ሰውየው ግን ደስ ብሎት ነው የሚጮኸው።

መንገሻ፦ አፍህ ውስጥ ሬት ቢጨምሩብህ አንተስ አትጮህም? ስማ፣ ይሄን ሬዲዮ ዓመቱን ሙሉ ስከታተል ነው የከረምኩት። ዘንድሮ ኢንተር የጠጣው ሬት! አንዳንድ ሳምንትማ ሦስቴ፣ አራቴ ይግቱታል።

ጫላ፦ ታዲያ አንደኛ እንዴት ሆነ?

መንገሻ፦ በመከራ ነዋ! መከራ ሰው ያደርጋል።

(ጫላ አንገቱን ደፋ። ሮማ እንዲህ በጠዋቱ ሬት ከተጋተ የእሱ ነገር አበቃ። ፍሬ ሻንጣዋን እየጎተተች ግራ ቀኝ ስትል ታየችው። ሬዲዮው ማውራቱን አላቋረጠም።)

ጫላ፦ አሁን ደግሞ "ፒዮጃ፣ ፒዮጃ" ይላል። ምንድን ነው?

መንገሻ፦ ፔጆ ነዋ! አንዱ ባለጌ ፔጆውን የፓርማ ስታዲየም በር ላይ ፓርክ አድርጎ ጠፍቷል። አንሳ እያሉት ነው።

ጫላ፦ ታርጋውን ለምን አይጠሩትም?

መንገሻ፦ ጣሊያን አገር የሰው ታርጋ በሬዲዮ መጥራት ነውር ነው።

ጫላ፦ ከኋላ ደግሞ የሚንሿሿ ነገር ይሰማኛል። ዝናብ አይመስልህም?

መንገሻ፦ የፔጆው ራዲያተር ነው። ፈልቶ ነው።

(የመጀመሪያው አጋማሽ በዚህ አለቀ። ዕረፍት ላይ መንገሻ ስለ ፔጆ ራዲያተር ድክመት ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ጫላ በድንገት እጁን አወጣ፤ ለካ እሱም የሚያውቃት ቃል ኖራለች።)

ጫላ፦ ጋሼ! "ካምቢዮ" አለ! ይቺን እኔም ሰማኋት!

መንገሻ፦ (ፊቱ ይጠቁራል) አዎ። የኢንተር ካምቢዮ ወለቀ።

ጫላ፦ ቡድን ካምቢዮ አለው እንዴ?

መንገሻ፦ መሀል ሜዳው ነዋ! የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያስተላልፈው ምንድን ነው? ካምቢዮ ከወለቀ እንግዲህ ቢጮህ ቢጮህ አይንቀሳቀስም።

ጫላ፦ እዚያው አይጠግኑትም?

መንገሻ፦ በዚህ ዝናብ?

ጫላ፦ ራዲያተር ነው አላልክም?

መንገሻ፦ አትጨቅጭቀኝ!

(ሬዲዮው ይፈነዳል፦ "ሬቴ! ሬቴ ዴል ኢንተር!" መንገሻ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል።)

መንገሻ፦ አልነገርኩህም? ካምቢዮው በወለቀ በጥቂት ደቂቃ ሬቱ ወደ እኛ ዞረ።

ጫላ፦ ተመስገን! ማለቴ፣ አይዞህ ጋሼ። ስልኬ ጮኸ፤ ይቅርታ። ፍሬ ናት፣ ቴክስት ልካልኛለች።

መንገሻ፦ ምን ትላለች?

ጫላ፦ (በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን አማርኛ እየቆጠረ ያነባል) "አ...ገ...ባ"። ሌላ የለውም። ከኋላው የቃለ አጋኖ መዓት ነው።

መንገሻ፦ ማን አገባ?

ጫላ፦ አልጻፈችም።

መንገሻ፦ አለቀልህ። ሰው ነግሯታል ማለት ነው። "ጫላ አሜሪካ ሌላ አገባ" ብለዋታል።

ጫላ፦ እኔ? እኔ ከዚህ ቫን ሌላ ምን አይቼ አውቃለሁ!

መንገሻ፦ ለእኔ አትማልልኝ፤ ለእሷ ጻፍላት። ቶሎ በል፣ ሴት ልጅ ስትጠረጥር ዝምታ ማስረጃ ነው።

ጫላ፦ (እየጻፈ) "ፍሬዬ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አላገባሁም። ቫን ውስጥ ካልሆነ በስተቀር ሴት አጠገቤ ተቀምጣ አታውቅም።"

መንገሻ፦ አንተ! "ቫን ውስጥ" የሚለውን አጥፋው!

ጫላ፦ ላክሁት እኮ!

(ሬዲዮው እንደገና፦ "ሬቴ! አንኮራ ኢንተር!" መንገሻ መሪው ላይ ተደፋ። የጫላ ስልክ ወዲያው መልስ አመጣ። ፍሬ የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ከአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጀርባ ነው፤ ኳስ ባታይም የተመልካቹ ጩኸት ግድግዳውን አልፎ ይደርሳታል፤ ጫላ ዛሬ ኳስ እንደሚያዳምጥም ነግሯታል። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ "አንተ ቂል፣ ጎል ያገባው ኢንተር ነው፤ ተቀይሮ የገባው ልጅ ነው አሉ። አሁንም ሁለተኛ አገባ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። ቫን ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ማን ናት?" ጫላ ደግሞ አነበበው። ሬት የተባለው ነገር ጎል ከሆነ ኢንተር እያሸነፈ ነው፤ እሱ ተሸንፏል። ቢሆንም ልጁ እውነተኛ ነው፤ አልዋሽም አለ።)

ጫላ፦ ጋሼ፣ ሬት ማለት እኮ...

መንገሻ፦ ስለ ሬት አትንገረኝ! ምላሴ ላይ አለ!

ጫላ፦ አይ፣ ፍሬ የምትለው...

መንገሻ፦ የባልና የሚስት ገበና ለሰው አይወጣም! ዝም በል፣ እያዳመጥኩ ነው። "ሬቴ ዴል ካታኒያ" አለ። ይኸው፣ ካታኒያም ሬቷን ጠጣች። በቃ፣ መጨረሻ የጠጣ ተሸናፊ ነው፤ ሮማ አሸነፈ ማለት ነው።

ጫላ፦ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ስማኝ...

መንገሻ፦ እሽሽ! አለቀ!

(ላፕቶፑ ውስጥ ሕዝብ ያብዳል፤ ሰውየው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፦ "ቻው ኢንተር! ቻው ካምፒዮኒ!")

መንገሻ፦ ሰማህ? "ቻው ኢንተር" አሉት። ተሰናበቱት።

ጫላ፦ ሲጀምርም ቻው ብሎ ነበር እኮ። ምናልባት ጣሊያኖች ሲገናኙም ቻው ይላሉ እንዴ?

መንገሻ፦ ጣሊያንኛ የምችለው እኔ ነኝ አንተ?

ጫላ፦ አንተ።

መንገሻ፦ "ካምፒዮኒ"ውንስ ሰማህ? ካሚዮን ማለት ነው። ያን የመሰለ ቡድን፣ ያን የመሰለ ስም፣ በአውቶቡስ እንኳ አልሸኙትም። እንደ ጤፍ ጆንያ ካሚዮን ላይ ጭነው ወደ ሚላኖ ሊልኩት ነው። (ድምፁ ይሰበራል) ሕዝቡም በሰው ውርደት ይጨፍራል!

ጫላ፦ ጋሼ፣ አታልቅስ። ቴክስቱን ላንብብልህ፣ ከዚያ...

መንገሻ፦ አታጽናናኝ። ወንድ ልጅ ተሸነፍኩ ካለ ተሸነፈ። ሚስትህን ትቀበላታለህ።

(የቫኑን የመገናኛ ሬዲዮ አንስቶ ሺፍት መዳቢዋን ዘርትሁንን ይጠራል። በዚህ ሬዲዮ የሚነገረውን የግቢው ሾፌር ሁሉ ይሰማዋል። ጫላ አፉን ከፈተ፤ ፍሬ ታየችው፤ አፉን ዘጋ።)

መንገሻ፦ ዘርትሁን፣ የሚመጣውን እሁድ የጫላን ሺፍት በእኔ ስም አድርጊው። ... አዎ፣ ሮማ ሻምፒዮን ሆነ። ... እንዴት እርግጠኛ አልሆንም! ከራሱ ከጣሊያንኛው በቀጥታ ተርጉሜ ነው! ... እግዜር ይስጥልሽ እህቴ፣ ያጽናኝ። (ሬዲዮውን ይሰቅላል) በል፣ ተመዝግቧል።

ጫላ፦ አሁን ላንብብልህ?

መንገሻ፦ አንብብ። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?

ጫላ፦ ይቺ አሁን የገባችው ናት። "ኢንተር ሁለት፣ ፓርማ ባዶ። ሮማ አንድ ለአንድ ወጣ። ኢንተር ሻምፒዮን ሆኗል፣ ሰዉ መንገድ ላይ ነው። የቫኗን ሴት ነገር እሁድ እንነጋገርበታለን።"

(መንገሻ ስልኩን ነጥቆ ራሱ አነበበው። ቀስ በቀስ ጥርሱ ታየ።)

መንገሻ፦ ሻምፒዮን? የእኔ ኢንተር? እልልል! እኔ ድሮም አውቄዋለሁ! (በሩን ከፍቶ ለጭፈራ አንድ እግሩን ያወጣል፤ እንዳወጣው ይደርቃል) ቆይ። ሺፍቱስ?

ጫላ፦ ተመዝግቧል ብለኸኛል።

መንገሻ፦ ይሰረዛላ! አሸንፌህ የለ እንዴ! (የመገናኛ ሬዲዮውን ያነሳል) ዘርትሁን! ዘርትሁን፣ ትሰሚኛለሽ?

ጫላ፦ ኦኬ፣ ምን ልትላት ነው?

መንገሻ፦ ኢንተር ነው ያሸነፈው እላታለሁ!

ጫላ፦ ከጣሊያንኛው በቀጥታ ተርጉሜ ነው ብለሃታል እኮ። ሾፌሩ ሁሉ ሰምቷል።

መንገሻ፦ ተሳሳትኩ እላለሁ! ሰው አይሳሳትም?

ጫላ፦ ይሳሳታል፣ ምን ችግር አለው። ሻምፒዮን ሲል ካሚዮን መስሎኝ ነው በላቸው። ጎሉንም ሬት መስሎኝ ነው በላቸው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ሲመስለኝ ነው የከረመው በላቸው። ይረዱሃል።

(ሬዲዮው ይንጫረራል። የዘርትሁን ድምፅ ነው፦ "ጋሼ፣ ሁላችንም እየሰማንህ ነው፣ ቀጥል።" መንገሻ ጫላን አየው፣ ሬዲዮውን አየው፣ እንደገና ጫላን አየው። የወጣውን እግሩን ወደ ቫኑ መለሰ። በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።)

መንገሻ፦ (ሐዘንተኛ ድምፅ አውጥቶ) ዘርትሁን... ሐዘን ላይ ስለሆንኩ ሳልጠይቅሽ ረሳሁት። እሁድ ስንት ሰዓት ነው የምገባው?