አማቴ፣ ልጄና የሚጮኸው መብራት

በእኛ ዘንድ ዝምታ እንደ ሕመም ይቆጠራል። ቤታችሁ ጸጥ ካለ የመጣው እንግዳ ሁሉ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ይላል። ጸጥታ ፈልገን ነው ብትሉት ባልና ሚስቱ የተኳረፉ ይመስለዋል። እኔም የዚሁ ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ ሳስነጥስ «ይማርህ» የሚለኝ ጎረቤት ነው። ታዲያ እግዜር ቀልድ ያውቅ የለ? ሐናን ሰጠኝ።

ሐና የአሥር ዓመት ልጄ ናት። ድምፅና ብርሃን ይበዛባታል። ወንበር ሲጎተት ጆሮዋን ትይዛለች፣ ብሌንደር ሲነሳ ከቤት ትወጣለች። የኩሽናው ነጭ መብራት «ይጮሃል» ብላ ስታለቅስ፣ መብራት ደግሞ እንዴት ነው የሚጮኸው ብዬ ተቆጥቻት ነበር። አንድ ቀን መንገደኛ ከማመላልስበት የሻትል ሥራዬ ስመለስ፣ ማንም በሌለበት ድምፁ እንዳይሸፍንብኝ ፍሪጁን ነቅዬ፣ መብራቱን አብርቼ ጆሮዬን ሰጠሁ። ለካ እውነቷን ነው! ቀጭን ድምፅ፣ እንደ ትንኝ ያለ። ይህን ሁሉ ዘመን ስንት ነገር ሳልሰማ ኖሬያለሁ?

የትምህርት ቤቷ ባለሙያ ነገሩ ቅብጠት ሳይሆን አፈጣጠር መሆኑን ካስረዳችን በኋላ፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርትመንታችን መልኩን ለወጠ። አምፖሎቹ ቢጫ ሆኑ፣ መጋረጃው ወፈረ፣ የወንበሮቹ እግር ካልሲ ለበሰ። ሐናም እራቷን ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች።

ይኼኔ ነው አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡት።

እማማ ደግ ሰው ናቸው። ግን ጠዋት ሲነሱ መብራቱን ሁሉ ያበሩና «ምነው በጨለማ! እዚህም መብራት ይጠፋል እንዴ?» ይላሉ። ቀጥለው ቴሌቪዥኑን ይከፍቱና በላዩ ላይ ከእህታቸው ጋር በስልክ ያወራሉ፤ ስልኩ ባይኖርም እህታቸው አዲስ አበባ ሆና የምትሰማቸው ይመስለኛል። ሐና ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ውስጥ ባለችው የልብስ ጓዳ፣ ክሎዜቷ ውስጥ ገባች። በተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ትበላ ጀመር።

መናገር ነበረብኝ። ግን አማቱን «ዝም ይበሉ» የሚል ምን ዓይነት አማች ነው? ባለቤቴን «እናትሽ ናቸው፣ አንቺ ንገሪያቸው» አልኳት። እሷ ደግሞ «ገና በመጣች በሳምንቷ? አንተን ትወድሃለች፣ አንተ ንገራት» አለችኝ። እንዲህ ስንገባበዝ ሦስት ሳምንት አለፈ። በእኛ ይሉኝታ የምትሰቃየው ግን ሐና ነበረች።

አንድ ቅዳሜ፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ ሳለች፣ የእማማ ዘመዶች ቅርባችን ካለው ከሲልቨር ስፕሪንግ «እንኳን ደህና መጡ» ሊሉ መጡ። ስምንት ናቸው። በሩ ገና ሲከፈት አንደኛዋ እልልታውን ለቀቀችው፤ ሰባቱ ተቀበሏት። ሐና ከክፍሏ ወጣች። ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ «ስቶፕ! ጌት አውት! ኦል ኦፍ ዩ!» ብላ ጮኸችና ተመልሳ ክሎዜቷን ከውስጥ ዘጋች።

እንግዶቹ ባሉበት ቆመው ቀሩ። አንደኛው ቁጣ ያስፈልጋታል አሉ፣ ሌላዋ ጸበል አለች፤ ብዙም ሳይቆዩ ሄዱ። እማማ «ልጅቷ ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደክሞኛል ነው ያለችው» አልኩ። «ሁላችሁም ውጡልኝ» የሚለውን እንዲህ ተረጎምኩት፤ አይ አስተርጓሚ!

«እንግሊዝኛ ባላውቅ ፊት ማንበብ ያቅተኛል?» አሉ። «ልጅቷ ጠልታኛለች። ቲኬቴን አስቀይርልኝና ልሂድላችሁ።» ድምፃቸው ዝቅ ሲል የዚያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «የጠላችው እርስዎን አይደለም እማማ፤ ድምፁ ያማታል» አልኳቸው።

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጅቷን ሳሳምማት ዝም ብለህ ታየኛለህ?» አሉኝ።

ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። የመኝታ ቤቱንም መብራት አጠፉና ክሎዜቱ በር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አላንኳኩም፣ አልተጣሩም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ባዳምጥ ባዳምጥ ምንም የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ገርበብ አለ። ሐና ጫማዎቹን ወደ ጥግ ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው። እማማም በሰባ ዓመታቸው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ክሎዜት ገቡ።

ሲወጡ አንድ ነገር ነገሩኝ። «ቴሌቪዥን የምከፍተው ላየው መሰለህ? ባሌ ካረፈ ወዲህ እኔ ቤት የሚጮኸው ዝምታው ነው።» እዚህስ ዝምታውን እንዴት ሊችሉት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «እዚህ እኮ ሰው አለ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ምንኛ ባማረብኝ! ግን ባለፈው ወር ሐና ከትምህርት ቤት ከበሮ ይዛ መጣች። የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ገብታለች። ራሷ የምታወጣው ድምፅ አይረብሻትም፤ መቼ እንደሚመጣ ታውቀዋለቻ! እማማ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ያጨበጭቡላታል። ትናንት በስንት ልመና «ትንሽ ዝቅ ብታደርጊው» ብላት፣ እማማ ገላመጡኝና «ልጅቷ ገና ከመፍታታቷ መልሰህ ልታስራት ነው?» አሉኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ በአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ሎት፣ መኪናዬ ውስጥ ራሴን ቆልፌ ነው። እንዴት ያለ ጸጥታ መሰላችሁ!