የአምባዛው ሥልጠና

ዛሬ ንጋት ላይ ያየሁትን ሕልም ካልተናገርኩት ያንቀኛል። እኔ የሰፈሩ መምህር ከጎረቤቴ ከአስካለች ጋር ኩሬ ቆፍረን፣ «በወረዳችን የመጀመሪያዎቹ ዓሣ አርቢዎች» ተብሎ ከተጨበጨበልን ወዲህ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቃል የገባልንን መኖ ስንለምን ከርመናል። ዓሦቻችን ከርሃብ ብዛት እርስ በርስ መበላላት ጀምረው ነበር። እንደተናደድኩ ተኛሁ።

በሕልሜ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ከነኃላፊያቸው የመኖ ከረጢት ተሸክመው ደጄ ላይ ተሰልፈዋል። ኃላፊው ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳኝ።

«መምህር፣ እባክዎን ይቺን መኖ ይቀበሉኝ።»

«ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል። ነገ ተመለስ» አልኩት። ያን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አሁን እኔው ስለው እንደ ማር ጣፈጠኝ።

ከረጢቶቹ እንደመጡ ተመለሱ።

«መምህር፣ አብደሃል እንዴ?» ብላ ጮኸች አስካለች። «የመለስከው እኮ መኖውን ነው!»

ወዲያው ዓለም ተገለበጠ። እኔና እሷ እስከ አንገታችን ኩሬው ውስጥ ነን፤ ዓሦቹ ዳር ላይ ድንኳን ተክለው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። አንድ አምባዛ ጢሙን እያሻሸ ድምፅ ማጉያ ጨበጠ።

«የተከበራችሁ ሰዎች! ወደ ሰው እርባታ ማስጀመሪያ ሥልጠና እንኳን በሰላም መጣችሁ!»

«ጌታው፣ ርቦናል» አለች አስካለች።

«ርሃብ የግንዛቤ ችግር ነው። አስቀድመን ግንዛቤ እናስጨብጣችኋለን።»

«ግንዛቤ በምን ወጥ ይበላል?»

«የዚህች ሴት አመለካከት ገና ሥራ ይፈልጋል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እሱ ግን የእኛው ሰው ነው። ‹ነገ ተመለስ› ማለት ያውቃል። አውጡትና ወንበር ስጡት!»

ጎትተው አወጡኝ። ወንበሩ ይመቻል። የታሸገ ውሃም ሰጡኝ። አስካለች ውሃው ውስጥ ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ እኔ ለአምባዛው አጨበጭባለሁ።

የአካፋ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዘልዬ ወጣሁ። የጽሕፈት ቤቱ መኪና ደጃፌ ቆሟል። አስካለች ራሷን ይዛ ኩሬው አፋፍ ላይ ቆማለች።

«መኖ መጣ?»

«ታፔላ መጣ» አለችኝ።

ከቤቴ ይበልጣል። «የሞዴል ዓሣ አርቢዎች ጣቢያ» ይላል፤ አንድ የሰባ ዓሣም ተስሎበታል። ሠራተኞቹ የብረት እግሮቹን ለመትከል ሲሚንቶ ያቦካሉ። ኃላፊው እየሳቀ እጄን ጨበጠ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ መምህር! ዛሬ ጎብኚዎች ስላሉብን ነው የቸኮልነው።»

«ለሲሚንቶው ውሃ ከየት አገኛችሁ?»

በአገጩ ኩሬያችንን አሳየኝ። በጋው ያስተረፈልንን ውሃ በፓምፕ ስበው ጨርሰውታል። ዓሦቻችን ጭቃው ላይ ይፈራገጣሉ።

«አይዞህ» አለኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «ጎብኚዎቹ ከመኪና አይወርዱም።»