«ይሄ ተሰምቷል» ባዩ ዓለምነህ

«ይሄ ተሰምቷል» የሚል ሰው የሌለው ከተማ ገና ከተማ አልሆነም። የከተማችን የንፋስ መውጫው የእኛው ሊቀ ድምፃት ዓለምነህ ነው። ኪቦርድ አለው፤ የሚታወቅ ዜማ ግን ከጣቱ ወጥቶ አያውቅም። የምትወደውን ዘፈን አንጎራጉረህ ተጫወትልኝ ብትለው፣ የከረመ ወጥ እንዳቀረብክለት ያይህና «ይሄ ተሰምቷል» ይላል።

ላልተሰማ ድምፅ ሲል፣ ሞተሩን ልቅዳበት፣ የባጃጁ ተሳፋሪ ሁሉ ዝም ይበልልኝ ቢል ከመንገድ አውርደውታል። ወፍጮ ቤት ግማሽ ቀን ቆሞ ድምፁን ሲቀዳ ውሎ ዱቄት ለብሶ ሲወጣ፣ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ሙት የተነሣ መስሏቸው አማትበዋል። እኔ ደግሞ ክራር ሲመታ እንባ የሚቀድመኝ ስንኝ ወዳድ ነኝ። እንዴት እንደተስማማን እንጃ።

እህቴ አስካለ በጥር ስትዳር፣ ሙዚቃውን ለእሱ ስጡት ብዬ አባቴን ለመንሁ።

«ካበላሸው ግን» አሉ አባቴ፣ «አንተም ከእሱ ጋር ከደጄ ትወጣለህ።»

ስንዴው ገና አውድማ ላይ ነበር። ሙሽሮቹ ሊቀመጡ ሲሉ ዳሱ ጸጥ አለ። ከሞንታርቦው ድምፅ ማጉያ አንድ ጠብታ ወደቀ። ቀጥሎ ሦስት። ከዚያ ቆርቆሮ የሚበሳ የሚመስል የክረምት በረዶ ወረደ።

«አውድማው» አለ አንድ ሰው።

መቶ እንግዳ ጠላውን ጥሎ ወጣ። አባቴ ጋቢያቸውን፣ ሚዜዎቹ ኮታቸውን እያወለቁ ስንዴ ሊሸፍኑ በረሩ፤ ሙሽራው ሳይቀር። ዳሱ ውስጥ የቀረነው አስካለ፣ ላብ ያጠመቀኝ እኔ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጫወተው ዓለምነህ ብቻ።

ሰማዩ እንደ ታጠበ ሸማ ጠርቶ ጠበቃቸው። ሲመለሱ ማንም አልሳቀም። የወንድ ወገን ሽማግሌ፣ መቀለጃ ልታደርጉን ነው የጠራችሁን፣ ልጃችንን ይዘን እንመለሳለን አሉ። አባቴ ዱላቸውን ይዘው ወደ ኪቦርዱ ሳይሆን ወደ እኔ መጡ።

የቤተ ልሔም ደብሩ የድጓ ዜማ መምህር መሪጌታ ወልደ ገብርኤል መሀል ገቡ። እሳቸውም ሮጠው ኖሮ ጥምጥማቸው ትከሻቸው ላይ ተፈትቷል። እሳቸው ዘንድ፣ ከመምህሩ ያልተቀበለውን አንዲት ቅንጣት ዜማ የጨመረ ተማሪ ከትምህርቱ ጉባኤ ይባረራል።

«ልጄ፣ ይህን ከማን ተቀበልኸው?» አሉት ዓለምነህን።

«ከማንም፣ የኔታ። የራሴ ነው። ተሰምቶ አያውቅም።»

መሪጌታ ሽቅብ አዩ። «ተሰምቷል። ባለቤቱ ከላይ ነው። አንተ ግን ሳታጎድል ተቀብለኸዋል፤ በሰባ ዓመቴ አስሩጠኸኛል።»

መጀመሪያ የሳቀችው አስካለ ናት። ከዚያ ሴቶቹ ከበሮውን አነሡ፦

ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወረደ በረዶ፣
ሠርገኛው በረረ ጠላውን ክዶ።

አባቴ ዱላቸውን ምሰሶው ላይ አስደገፉ።

ባለፈው ሚያዝያ እውነተኛው በረዶ ሲመጣ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እኔ ስልኬን ዘርግቼ ደጅ ቆምሁ። ጣቴ እስኪደነዝዝ ቀድቼ ለዓለምነህ ላክሁለት። ወዲያው መለሰልኝ።

«ይሄ ተሰምቷል።»

ዛሬም በጉና በኩል ደመናው ጠቁሯል። ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እየጠበቅሁ ነው።