ቀይ ተነስታ ነጭ ያረፈች ሳህን

መቼም የሰው ልጅ ነገርን እንደተፈጠረ መተው አይሆንለትም። ነጩን ጨርቅ ገዝቶ ይነክራል፣ የነጣውን ጸጉር ያጠቁራል፣ የጠቆረውን ጥርስ ያነጣል። እኔም ከዚህ በሽታ የዳንኩ አይደለሁም። ልዩነቱ ሌላው ሰው የሚነክረው ነገር ቀለም የሚጠጣ መሆኑ ነው። እኔ የነከርኩት ፕላስቲክ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ፕላስቲክ ማቅለም ያማረው ጀማሪ ካለ ቀረብ ይበልና ይስማኝ፤ ምክሬን በነጻ እሰጠዋለሁ። እኔ ግን በነጻ አላገኘሁትም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ቢስቲማ በምትባል የወሎ ከተማ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ የሺ ደግሞ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ የአምስት ወር ልጃችንን ታቅፋ በኪራይ ቤት ትኖራለች። በወር አንዴ በጭነት መኪና ላይ ተሰቅዬ እመጣለሁ። ልጄ ሲያየኝ ያለቅሳል፤ ልክ ሲለምደኝ እኔ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜማ እናቱን አጥብቆ ይዞ እንደ ሌባ ሲያየኝ ዋለ። ስለዚህ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ደሴ በምዛወርበት ወረቀት ላይ የጓድ ፈለቀ ፊርማ። ጓድ ፈለቀ ማለት ዝውውር የሚፈቅደው፣ የበዓል ስፖርት ኮሚቴውንም የሚመራው ሰው ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ልጄ ገና አልተወለደም ነበር።

ወደ ሳህኗ ልምጣ። ኮምቦልቻ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነበረ። እሁድ እሁድ ቦርከና ወንዝ ዳር ይወጣና፣ ከሰፌድ ያነሰች ከሳህን የከበደች ነጭ ክብ ፕላስቲክ ከሩቅ እየወረወረ በርሜል ውስጥ ይከታል። ስሟ ዲስክ ነው ይላል። አስቡት እንግዲህ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ትልቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳህን ሲወረውር ሳህን ሲለቅም! ላሾፍበት ሄጄ እኔም ስወረውር ዋልኩ። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ለኔ ሰጠኝ፤ በብብቴ ይዣት የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጓድ ፈለቀ ዘንድ ገብቼ፣ የስፖርት ትርኢቱን እርስዎ ራስዎ ይቺን ዲስክ በርሜል ውስጥ ወርውረው ቢከፍቱትስ አልኩት። ወደደው። እንዲያውም በርሜሉ ላይ በትልቁ «ኢምፔሪያሊዝም» ተብሎ እንዲጻፍ ያዘዘው እሱ ነው። ከዚያ ግን ዲስኳን አገላብጦ አያትና ፊቱ ተለወጠ።

«ጓድ መምህር፣ በአብዮት በዓል በሕዝብ ራስ ላይ ነጭ ነገር ይበራል? ቀይ አድርገህ አምጣት። ያንተን ወረቀት በማግስቱ እናየዋለን።»

ቀይ ማድረግ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። በዚያ ሰሞን ደሴ ላይ አንዲት ጠብታ ቀይ የዘይት ቀለም አልነበረችም፤ ያለው ሁሉ በየአጥሩ ላይ መፈክር ሆኖ አልቋል። የቀረኝ ተስፋ የቤታችን ባለቤት እትዬ ሉባባ ነበሩ። እሳቸው ለስፌት አለላ ይነክራሉ፣ ለሰርግ የሙሽራ እጅ ሂና ይቀባሉ። ሰኞ ገበያ ውስጥ ከሳቸው ወዲያ ቀለም አዋቂ የለም። ዲስኳን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጓትና ሣር ናት ወይስ ቆዳ ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱም አይደለችም አልኳቸው። «አብሽር ልጄ፣» አሉኝ፣ «ቀለም እምቢ ያለ ነገር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።»

እንግዲህ ጀማሪው ጆሮውን ይስጠኝ። ፕላስቲክ ከመነከሩ በፊት ቅባቱ በሳሙና ይለቃል፤ ይህን በደንብ አደረግን። ከዚያ ውሃው ይሞቃል እንጂ አይፈላም፤ ይህን አላደረግንም። ዲስኳ ከድስቱ ስትወጣ የቄስ ቆብ መስላለች። በወፍጮው መጅ ተጭና ስትውል ግን ተመለሰች። ቀጥሎ አለላ በሚነከርበት ቀይ ቀለም ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዘፈዘፍናት። ስናወጣት ደም መስላ አማረች፤ ስናለቀልቃት ቀለሙ እንዳለ ውሃውን ተከትሎ ሄደ። የቀላው ድስቱ ነው፣ የየሺ ነጠላ ነው፣ ድስቱ ላይ የወደቀችው የእትዬ ሉባባ ነጭ ዶሮ ናት። ያቺ ዶሮ ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ እሽ ይበላት! በየጎረቤቱ ገብታ የሰው እህል ስትለቅም የሚያባርራት ጠፋ።

እትዬ ሉባባ ግን እልህ ያዛቸው። «ያረቢ፣ እኔ ሉባባ በሳህን ልሸነፍ?» አሉና ሂና አወጡ። ሂናውን በሎሚና በሻይ አቡክተው፣ የተረፈውን ቀይ ዱቄት ደባልቀው፣ ዲስኳን ከላይም ከታችም ወፈር አድርገው ለሰኗት። ያዘላት። እንደ በርበሬ ቀላች። ሳስረክባቸው ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካልደረቀ ሰው እንዳይነካው።

በበዓሉ ቀን ጠዋት ካፊያ ጣለ። በካኪ ኮቴ ሥር ሸሽጌ ባመጣትም ልስኑ ራሰ። ጓድ ፈለቀን ትንሽ እንቆይ ልለው አፌን ስከፍት፣ እሱ ከእጄ መንጭቆ መድረክ ላይ ወጣ። ከመወርወሩ በፊት አምስት ደቂቃ እንደሚናገር ነግሮን ነበር። ዲስኳን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ እንደያዘ በፊውዳሊዝም ጀመረ፣ ወደ ቢሮክራቲክ ካፒታሊዝም ተሻገረ፣ በተምች መከላከል በኩል ዞሮ ወደ ፊውዳሊዝም ተመለሰ። ፀሐይ ወጣች። እትዬ ሉባባ እንደሚሉት ሂና ደምቆ እንዲይዝ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሙቀትና ጊዜ። የጓድ ፈለቀ ንግግር ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀ።

በመጨረሻ ወረወራት። ምን አለፋችሁ፣ ውርወራው የመሐንዲሱን ያስንቅ ነበር! ችግሩ ደርቆ የተሰነጣጠቀው ልስን ነፋስ ሲመታው መርገፉ ነው። ከመድረክ ቀይ ሆና ተነሳች፣ በሕዝቡ ራስ ላይ ቀይ ዱቄት እያራገፈች አለፈች፣ ወተት መስላ ነጥታ በርሜሉ ላይ ደረሰችና ኢምፔሪያሊዝም ውስጥ ዘው አለች።

እኔ ዝውውሬን ረሳሁት፤ ልጄን ዳግመኛ የማየቴ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ጓድ ፈለቀ ቀስ ብሎ መዳፎቹን ተመለከተ። እስከ ጣቶቹ ጫፍ ቀልተዋል፤ ለኒካህ የተዘጋጀች ሙሽራም እንዲህ አትደምቅ። የፊት ረድፍ ላይ የቆሙት እትዬ ሉባባ ደግሞ ሂና የያዘ እጅ አይተው እልል ሳይሉ ማለፍ አይችሉም፤ አቀለጡት። ሕዝቡም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተቀበላቸው። ጓድ ፈለቀ ደንግጦ ሁለት እጁን ጭብጥ አድርጎ ወደ ሰማይ አነሳ። እኛም ጨብጠን አነሳን። በዓሉ በድል ተጠናቀቀ።

በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። ሁለት ጭብጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ በሁለቱ መሃል የኔ ወረቀት ተዘርግቷል።

«ይሄ ነገር በስንት ቀን ይለቃል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እትዬ ሉባባ እንደሚሉት፣ ሙሽራዋ ሥራ ካልነካች፣ አንድ ወር።»

ጭብጦቹን ተራ በተራ አየ። «እኔ ሥራ አልነካም፣» አለ በሐዘን።

ለመንኩት። ለፊርማ ሦስት ጣት ይበቃል፣ እኔ ዞሬ እቆማለሁ፣ ልጄ ረስቶኛል አልኩት። ዓይኑን በሩ አጠገብ ወደተቀመጠው ጸሐፊ ወደ ሙሄ ላከና ራሱን ነቀነቀ። የሙሽራ እጅ በሠራተኛ ፊት አይዘረጋም። ሲለቅልኝ እፈርምልሃለሁ አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከበላይ አካል ተቆጣጣሪዎች መጡ። ጓድ ፈለቀ በጭብጡ ሰላም አላቸው፣ በጭብጡ ማንኪያ ይዞ ምሳ በላ፣ ሲያጨበጭቡ ጭብጡን አነሳ። እንዲህ ያለ ጽናት የትም አላየንም አሉ አሉ። ወዲያው እድገት ሰጥተው አዲስ አበባ ወሰዱት። በቦታው የተተካው ሰው የዝውውር ጥያቄ ሁሉ እንደ አዲስ ይቅረብ ብሎ አዘዘ።

ዲስኳ ዛሬም አለች። የሺ የውሃ እንስራ ትከድንባታለች፤ ጠብታ ቀለም የለባትም።

የቢስቲማን መኪና በቆምኩበት ስጠብቅ ጸሐፊው ሙሄ አገኘኝና አጽናናኝ። የእድገት ደብዳቤው ሲመጣ ተረከብኩ ብሎ መፈረም ነበረበት አይደል፣ ታዲያ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅሁት።

«ወላሂ፣ ቢሮው ሰው ሞልቶ ነበር፤» አለኝ። «በሁሉ ፊት እጁን ዘረጋና ፈረመ። ሂናው እንዴት እንደሚያምርበት!»