ፍሪጃችን ዝም ሲል

ፍሪጅ የገዛ ሰው ምግብ ማቆያ የገዛ ይመስለዋል። ተሳስቷል። የገዛው ጎረቤት ነው። በተለይ ጂንካን በመሰለ ከተማ፣ ያውም በዚያ በደርግ ዘመን፣ ፍሪጅ ያለበት ቤት ከዚያች ቀን ጀምሮ የግል ቤት መሆኑ ያበቃል። የአንዱ ሥጋ ይመጣል፣ የሌላዋ ቅቤ ይከተላል፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ወተት ደግሞ ጥግ ይዞ ያድራል። መንግሥት ቤታችንን አልወረሰብንም፤ ሰፈሩ ግን ፍሪጃችንን በሰላም ወርሶታል።

የገዛነው ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የእርሻ ባለሙያ ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ በሩ ሲዘጋ እንደ ካዝና ድው የሚል። ጂንካ ያኔ መብራት የምታገኘው ማታ ማታ ብቻ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ጀምበር ስትጠልቅ ይነሳል፣ ከተማው ሲተኛ አብሮ ይተኛል። ፍሪጃችንም በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ያጠራቀማትን ቅዝቃዜ አቅፎ እስከ ማግስቱ ይውላል። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ከሰውም አላየሁ።

ከተጠለሉበት ዕቃዎች ሁሉ የክብር ቦታ የነበረው የጋሽ ሉቃስ መድኃኒት ነው። ጋሽ ሉቃስ አጥር የሚያዋስኑን ልብስ ሰፊ ናቸው። የአሪ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛን በአሪኛ ዜማ ይናገራሉ፣ እሱንም ሲናገሩ ነው። የስኳር ሕመም አለባቸውና በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ብልቃጦቹ ከአርባ ምንጭ የሚመጡት መኪና ሲገኝና መንገዱ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ እጅ ላይ ያለው እንዳይበላሽ መጠበቅ አለበት። ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ከሆነም ይጣላል። ሰውየው በሙቀትና በበረዶ መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ነበር የሚኖሩት ማለት ይቻላል፤ መንገዷም የምታልፈው በእኛ ሳሎን ነው።

አንድ ምሽት መብራት መጣ፣ ፍሪጁ ግን ዝም አለ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የማውቀውን አደረግሁ፤ ጎኑን መታ መታ አድርጌ መከርኩት። ሬዲዮ እንዲህ ሲሉት ይነሳ የለ? ፍሪጁ ግን ወይ ፍንክች። ባለቤቴ ጽጌ ትንሽ ታገሰችኝና ገለል በል አለችኝ።

ጽጌ አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች። ሶኬቱን ነቅላ፣ ካቻቢቴ ይዛ፣ ውስጥ ካለችው የቁልፍ ሳጥን ጋር ብዙ ተፋጠጠችና ጥፋተኛው ቴርሞስታቱ ነው አለች። ምንድን ነው እሱ ብላት፣ ቅዝቃዜው ሲበቃ ሞተሩን ዝም የሚያሰኝ፣ ሲቀንስ የሚያስነሳ ዕቃ ነው፤ አሁን ዝም ማሰኘቱን እንጂ ማስነሳቱን ረስቷል አለችኝ። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች ከዕቃው አላቃ እርስ በርስ አገናኘቻቸው፤ መካኒኮች ዳይሬክት ማድረግ የሚሉት ነው። ሶኬቱን ስትሰካ ሞተሩ ተነሳ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጭብጨባዬ ግን ቸኩሎ ነበር። የሚያስነሳው እንጂ የሚያስቆመው የለማ! መብራት ሊሄድ ሲል ብንከፍተው የማሰሮው ውኃ ላዩ በረዶ ሠርቷል። ብልቃጦቹ በሩ ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ጽጌ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳች ስታያቸው ጋሽ ሉቃስ በራፉ ላይ ቆመው ፊቷን ነበር የሚያነቡት። ስትስቅላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቴርሞስታቱ እኛው ሆንን። ጽጌ እጇን አስገብታ በቃ ስትል እኔ እነቅላለሁ፤ ሰካ ስትል እሰካለሁ። የከተማው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለሥራ ኦሞራቴ ወርዶ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው የዝናቡ ጌታ ብቻ ነው። ስለዚህ በቀይ አፈር ከተማ በኩል አርባ ምንጭ የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዲስ ገዝቶ እንዲያመጣልን ለመንን። የዕቃውን ስም ደጋግሜ አስጠናሁት፦ ቴርሞስታት፣ ቴርሞስታት።

ሾፌሩ ቃሉን አክባሪ ሰው ነው። ሲመለስ ጥሩምባውን እያስጮኸ በራችን ላይ ቆመና፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በኩራት አስረከበን። ስንፈታው አበባ የተሳለበት ቆንጆ ቴርሞስ!

«ኦርጂናሉን ነው ያመጣሁላችሁ» አለ። «ሻይ ብትሞሉበት እስከ ነገ ያቃጥላል።»

እኔ ስለ ቋንቋ ትምህርት መዳከም ንግግር ልጀምር አፌን ስከፍት፣ ጽጌ ቴርሞሱን ከእጄ ወስዳ ውስጡን ተመለከተች።

«ትኩስ የሚያቆይ ቀዝቃዛም ያቆያል» አለች። «እግዜር ይስጥህ፣ በጣም ጠቅመኸናል።»

አሁን ይህችን ሴት አለማድነቅ ይቻላል? ሰው ተሳስቶ ያመጣውን ዕቃ ይዞ ከመናደድ ይልቅ ሥራ የሚፈልግለት ስንት ሰው አለ? በቀዝቃዛ ውኃ ሞልታው፣ ብልቃጦቹን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከተተችበት፤ መድኃኒቱም ሾፌሩ ዳግም አርባ ምንጭ ደርሶ እስኪመለስ በአበባ ያጌጠ ቤት ውስጥ በምቾት ከረመ። ሾፌሩም በሁለተኛው ጉዞ አሮጌውን ዕቃ በኪሱ ይዞ ሄዶ እውነተኛውን አመጣ።

እውነተኛውም ቢሆን ወንድሙን አይመስልም። አሮጌው የሽቦ መሰኪያ ጥርሱ ሁለት ነው፤ አዲሱ ሦስት። በስህተት ብንሰካ ሞተሩ ቢቃጠልስ? ሌላ ሞተር ከየት ይመጣል? እኔ ዕድላችንን እንሞክር ባይ ነበርኩ። ጽጌ ግን የባትሪ ድንጋይ፣ ትንሽ አምፖልና ቁራጭ ሽቦ ከጎረቤት አስመጣች፤ ለአምስተኛ ክፍል የምታስተምረው ያው ትምህርት ነው። ጥርሶቹን ሁለት ሁለቱን እየነካች፣ ቁልፉን እያዞረች አምፖሉን ታያለች። ሁለቱ ሲነኩ በራ፤ ቁልፉ ሲዘጋ ጠፋ፤ ሲከፈት ደግሞ በራ። ሦስተኛው ጥርስ እንግዳ ነው፤ ተዉት አለች። የዕቃውን ቀጭን የመዳብ ጭራ እንዳይሰበር ቀስ ብላ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጋችው። የሚይዘው ቆርቆሮ ተሰብሮ ስለነበር፣ ጋሽ ሉቃስ ድንኳን በሚሰፉበት ክር አጥብቀው ሰፉት። ስፌቱም ቀጥ ያለ ነው።

ጀምበር ጠልቃ መብራት ሲመጣ ሞተሩ ተነሳ። ማንም አላጨበጨበም፤ ተምረናላ። የዚህ ዕቃ ፈተና መነሳቱ ሳይሆን ማቆሙ ነው። ሳሎናችን ቅቤና ሥጋ ባስቀመጠ ሰው ሁሉ ሞላ። ዝምታን ዝም ብሎ መጠበቅ ስላልሆነልኝ፣ ስለ ቴርሞስታት ምንነት ለሕዝቡ ሰፊ ማብራሪያ ጀመርኩ። ከፈጠራው ታሪክ ተነስቼ ወደ ሰው ልጅ ሥልጣኔ እየተሻገርኩ ሳለ ጽጌ እጇን አነሳች። ቀጭ አለ። ሞተሩ ዝም አለ።

ሁላችንም ባንድ ጊዜ ጣራው ላይ ወዳለው አምፖል ቀና አልን፤ መብራት ሄዶ ይሆን? አልሄደም። ቦግ ብሎ በርቷል። ያቆመው በገዛ ፈቃዱ ነው! ጥቂት ቆይቶም በገዛ ፈቃዱ ተነሳ፤ ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ሉቃስ ብልቃጦቻቸውን ከቴርሞሱ አውጥተው በእጃቸው ቦታቸው መለሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጽጌን ግንባሯን ሳሟትና፣

«ልጄ» አሏት፣ «ሲበቃ ዝም የሚያሰኘው ይሄ ዕቃ፣ ለሰውም ይገጠማል?»

እኔ ደነገጥኩ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ንግግር ሲጀምሩ ማቆሚያ እንደሌላቸው ሁሉም ያውቃል፤ ግን እንዲህ ተብሎ በሰው ፊት ይነገራል? ሮጬ መስኮቱን ዘጋሁና፣ «ኧረ ጋሼ፣ ሰው ይሰማል!» አልኳቸው።

«ይስማ እንጂ» አሉ ጋሽ ሉቃስ፣ «እኔ ያልኩት ለአንተ ነው።»

ጽጌ ካቻቢቴውን ወደ ሳጥኑ እየመለሰች፣ «ለሱ የሚሆን እንኳን አርባ ምንጭ፣ አዲስ አበባም አይገኝም፤ ጠይቄያለሁ» አለች።