የጋሽ ሸምሱ አጫጭር መልእክቶች

ሰው ሲሞት ስልክ ቁጥሩን ከስልካችሁ ታጠፋላችሁ? እኔ አልችልም። እማ ዘይነባም አልቻሉም።

እማ ዘይነባ ቡታጅራ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ዛሬ ወልቂጤ ተቀምጬ ፕሮግራም ብጽፍም፣ ያደግኩት በእሳቸው ግቢና በእኛ ግቢ መካከል እየተመላለስኩ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ሸምሱ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ዛሬ እንሴኖ፣ ነገ አገና። ሲመለሱ ለእኔም ሸንኮራ አይጠፋም። አጥር ላይ ሆነው ስሜን ሲጠሩ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። አሁን አጥሩ አለ፣ ጠሪው የለም።

ባለፈው ዒድ ቤት ስገባ እማ ዘይነባ አስጠሩኝ። "ልጄ፣ ስልኬ ተሰበረ። የሱ መልእክቶች እዚያ ውስጥ ነበሩ" አሉኝ። ደግነቱ ልጃቸው ነጃት፣ ስልኩ ሳይሰበር መልእክቱን በሙሉ አንድ ፋይል ላይ ገልብጣው ኖሯል። ላከችልኝ።

እንዲህ ያለውን ፋይል እኛ ኤክስኤምኤል እንለዋለን። እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው ታሽጎ፣ ላዩ ላይ የላኪው ቁጥር ተጽፎበታል በሉት። የዘመዱም፣ የማስታወቂያውም፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ላፕቶፔን ከፈትኩና "የላኪው ቁጥር ከጋሽ ሸምሱ ቁጥር ጋር እኩል የሆነውን ብቻ አምጣ" የሚል አንድ መስመር ኮድ ጻፍኩ። ኩራቴን ባያችሁት!

ባዶ መጣ።

"የለም እንዴ?" አሉ እማ ዘይነባ ቀስ ብለው።

አላበኝ። ፋይሉን በዓይኔ ስፈትሽ ለካ እኔ ቁጥሩን በዜሮ ጀምሬዋለሁ፤ እዚያ የተቀመጠው ደግሞ በአገር ኮድ ነው። ለኮምፒውተር እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። "እኩል የሆነውን" ያልኩትን "በእነዚህ አሃዞች የሚያልቀውን" ብዬ፣ ዜሮዋንም አንስቼ ቀየርኩት። ጋሽ ሸምሱ ተከታትለው መጡ።

ማንበብ ጀመርኩ። "ደረስኩ።" "እንሴኖ ነኝ።" "ደውይ።" "ዝናብ ሊመጣ ነው፣ በርበሬው ይግባ።" "ደረስኩ።" ለዚህ ነው ያን ያህል የደከምነው? እኔ አፈርኩላቸው። እማ ዘይነባ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

በመጨረሻ አንድ ደህና ነገር አገኘሁ፤ "የኔ ፍቅር፣ ናፍቀሽኛል" ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

እማ ዘይነባ ሳቁ። "እሱ አይደለም። ነጃት ናት በስልኩ የጻፈችው። ያን ቀን ቤት ሲመጣ አፍሮ ቀና ብሎም አላየኝ።"

"ታዲያ ላጥፋው?"

"ይቀመጥ፣ ቆንጆ ነው" አሉኝ። "አሁን ግን 'ደረስኩ' የሚለውን ድገምልኝ።"